የአሮጌ ፒክአፕ መስተዋት እንዴት ይለወጣል?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መስተዋት ነው። መልካችንን ስለምናይበት መስተዋት አይደለም፤ ስለ መኪና መስተዋት ነው። ያውም አሮጌ ፒክአፕ ሲታደስ የተሰነጠቀው ወይም የተሰበረው መስተዋት እንዴት እንደሚለወጥ እንነጋገራለን። ይህን ጽሑፍ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። አንድ ክፍል ስትጨርሱ ቆም በሉ። ያነበባችሁትንም አጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩት።

መኪና የሌለው ሰው «ታዲያ ይሄ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ሁላችንንም ይመለከታል። ጭነት የሚያስጭን ነጋዴ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጣል። ታማሚ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ጎረቤት እዚያው ይቀመጣል። መስተዋቱ ትክክለኛ ካልሆነ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም።

የአስኮ መንገድ

አስኮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ይገኛል። ከአስኮ የሚወጣው መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ አምቦ ይወስዳል። በዚህ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ብዙ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ከጎማው ሥር ጠጠር ይፈናጠራል። አንዲት ትንሽ ጠጠር ከኋላ የሚመጣውን መኪና የፊት መስተዋት ትሰነጥቃለች። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ይበረታል። የተሰነጠቀ መስተዋትና ያረጀ ጎማ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባሉ።

በአገራችን መንገዶች ዕድሜ የጠገቡ ፒክአፖች ሲሠሩ ኖረዋል። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት የጀመረ መኪና ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ በ1968 ወጣ። ዳትሰን 620 የተባለው ፒክአፕ በ1972 ተከተለ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ሞተራቸው ቢደክምም አካላቸው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቻቸው ከመጣል ማደስን ይመርጣሉ።

ለማደስ ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ከውጭ ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። መኪና ሲወደድ፣ በእጅ ያለውን መጠገን ብልህነት ነው። ሲጠግኑ ግን አውቆ መጠገን ያስፈልጋል።

ሦስት ዓይነት መስተዋት

የአስኮ ሰው «ብርጭቆ ፋብሪካ» ሲባል ሰፈሩን ያውቃል። ስሙ የመጣው በአካባቢው ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ነው። ጠርሙስም ሆነ የመኪና መስተዋት መነሻቸው አንድ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ተደባልቀው በኃይለኛ እሳት ይቀልጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በሚደረገው ሥራ ነው። ሦስቱን ዓይነት ለይተን እንወቅ።

አንደኛው ተራ መስተዋት ነው። የቤት መስኮት የምናደርገው ይህንን ነው። ሲሰበር እንደ ጩቤ የሾለና ረጅም ስባሪ ይሆናል። ቆዳ ይቆርጣል፤ ሥር ይበጥሳል።

ሁለተኛው ተምፐርድ ይባላል። በአማርኛ «የጠነከረ መስተዋት» ልንለው እንችላለን። ተራው መስተዋት መጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ወዲያው በነፋስ ኃይል በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ላይ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ላይ ላዩን አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ከተራ መስተዋት አራት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ይሁን እንጂ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ እንደታሰረ ጭነት ነው። ገመዱ አንድ ቦታ ሲበጠስ ጭነቱ በሙሉ ይበተናል። የጠነከረ መስተዋትም አንድ ቦታ ሲሰበር በሙሉ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። ፍሬዎቹ ስለታቸው ጥቂት ነው፤ እንደ ጩቤ አይወጉም።

ሦስተኛው ላሚኔትድ ይባላል። «ድርብ መስተዋት» እንበለው። ሁለት ስስ መስተዋቶች መሐላቸው ላስቲክ መሰል ንጣፍ ተደርጎ ይጣበቃሉ። በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሐል እንደተቀባ ማርማላታ ማለት ነው። ሲሰበር ስባሪው ከንጣፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ተሳፋሪውም በግጭት ጊዜ ወደ ውጭ እንዳይወረወር ያግዘዋል።

የድርብ መስተዋት ታሪክ ደስ የሚል ነው። ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ የመስተዋት ዕቃ ከእጁ ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ነገር ግን አልተበታተነም ይባላል። ምክንያቱን ቢመረምር፣ በዕቃው ውስጥ የነበረ ፈሳሽ ደርቆ ስስ ሽፋን ሠርቶ ኖሯል። ስባሪውን የያዘው ያ ሽፋን ነው። ከዚህ ተነሥቶ የፈጠራ መብቱን በ1909 አስመዘገበ።

የትኛው መስተዋት የት ይገባል?

የፊት መስተዋት፣ ሠራተኞች ፓራብሬዛ የሚሉት፣ ድርብ መሆን አለበት። የበሮቹና የካቢናው የኋላ መስተዋት የጠነከረ ዓይነት ነው። ተራ መስተዋት በመኪና ላይ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት የጃፓንና የአውሮፓ መኪኖች ብዙዎቹ የፊት መስተዋታቸውም የጠነከረ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው መስተዋት በጠጠር ሲመታ በአንድ አፍታ ሁለመናው ይሰነጣጠቃል። እንደ ጉም ነጭ ይሆናል። ሾፌሩ መንገዱን ማየት ያቅተዋል። ስለዚህ የአሮጌ ፒክአፕ ፓራብሬዛ ስትለውጡ «የድሮው ዓይነት ይሁን» አትበሉ። ድርቡን ፈልጉ።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የፒክአፑ በር መስተዋት ተሰብሯል። ባለቤቱ የቤት መስኮት ወደሚቆርጥ ወጣት ሄደ እንበል።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ቆርጬ እሰጥዎታለሁ» ይለዋል ወጣቱ። «ውፍረቱ አንድ ነው። ሲገባ ማን ይለየዋል?»

«አይ አንተ ልጅ፣ ማንም ባይለየው እኔ አውቀዋለሁ። የጠነከረ ነው?»

«የጠነከረማ አይቆረጥም፤ ይሄ ተራው ነው።»

«እንግዲያስ ይቅርብኝ። ልጄ የምትቀመጠው ከዚያ በር አጠገብ ነው።»

ሰውዬው ልክ ነው። ወጣቱም አንድ እውነት ተናግሯል። የጠነከረ መስተዋት ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ አይበሳም። መቁረጫው እንደነካው ይረግፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ድርብ መስተዋት ግን ሊቆረጥ ይችላል። ባለሙያው በሁለቱም ፊት ላይ በመቁረጫ ያሰምራል፣ ይሰብራል፣ ከዚያ መሐሉ ያለውን ንጣፍ በስለት ይለያል።

ጥጉን አንብቡ

የመኪና መስተዋት ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ታትሞ ይገኛል። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው። ላሚኔትድ ወይም ተምፐርድ የሚል ቃል፣ የፋብሪካው ስምና ቁጥር ይኖረዋል። የላቲኑን ፊደል ያላወቀ ሰው ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን ያስነብበው። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሳያነቡ መግዛት ግን ጉዳት አለው።

ጽሑፉ ቢጠፋ ጠርዙን ተመልከቱ። ድርብ መስተዋት ከሆነ፣ በጠርዙ መሐል ለመሐል እንደ ክር የሚሄድ መስመር ይታያል። ያ መስመር ንጣፉ ነው። የጠነከረው መስተዋት መስመር የለውም። ነገር ግን ተራውም መስመር የለውም። ስለዚህ በጥጉ ጽሑፍ የሌለበትንና መስመር የማይታይበትን መስተዋት አትግዙ።

ልኩ እንዴት ይወሰዳል? ከየትስ ይገኛል?

በመጀመሪያ መስተዋቱ ዝርግ ነው ወይስ ጎባጣ? ይህን ለማወቅ በውስጥ በኩል ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥሩበት። ክሩ በሁሉም ቦታ መስተዋቱን ከነካ ዝርግ ነው። በመሐሉ ክፍተት ከታየ ጎባጣ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም ሞክሩ።

የጥንቱ ላንድሮቨር የፊት መስተዋት ዝርግ ነው። ዝርግ ከሆነ ባለሙያ ከድርብ መስተዋት ቆርጦ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለዚህም ከጠንካራ ካርቶን ልክ ይወጣል። ካርቶኑ በመኪናው ክፈፍ ላይ ተሞክሮ መስተካከል አለበት። የተሰበረውን መስተዋት ብቻ አይታችሁ አትቁረጡ።

ጎባጣ መስተዋት ግን ከዝርግ ተቆርጦ አይሠራም። በፋብሪካ በቅርጽ ላይ ሞቆ ነው የሚጎብጠው። ስለዚህ አዲስ መግዛት፣ ወይም ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና ላይ ማግኘት ግድ ነው። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ ለብዙ ዓመታት በአሮጌ መለዋወጫ የታወቀ ቦታ ነው። ያገለገለ መስተዋት ስትገዙ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩ። የጠርዝ ስንጥቅ፣ በመጥረጊያ የተፋቀ መስመር፣ በድርቡ ዳር ዳር ነጭ ደመና ያለበት አይረባም። ነጩ ደመና ንጣፉ መላቀቅ መጀመሩን ያሳያል።

ፕላስቲክ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም። አቧራና መጥረጊያ በቶሎ ይፍቁታል። ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት ሾፌሩ ይታወራል።

አሮጌውን ማውጣት

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ወፍራም የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ከመኪናው ሥር ሸራ አንጥፉ። ሕፃናትን አርቁ።

የአሮጌ ፒክአፕ ፓራብሬዛ የተያዘው ዙሪያውን በሚሄድ ጎማ ነው። ጎማው ሁለት ቦይ አለው። በአንዱ ቦይ መስተዋቱ ይገባል። በሌላው ቦይ የካቢናው የላሜራ ከንፈር ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፍቱ። በጎማው ላይ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ካለ በቀስታ አውጡ። ከታጠፈ አይመለስም።

2. መስተዋቱ የማይፈለግ ከሆነ ጎማውን ከውጭ በኩል በስለት ቁረጡ። መስተዋቱ ይወጣል።

3. መስተዋቱ ደህና ሆኖ የሚመለስ ከሆነ አንዱ ሰው ውስጥ ይግባ። በደነዘዘ እንጨት የጎማውን ከንፈር ከላሜራው ላይ እየገለጠ ያውርድ። ካቻቪቴ አትጠቀሙ፤ ጫፉ መስተዋቱን ይሰነጥቃል።

4. ከውስጥ ያለው ሰው ከላይኛው ጥግ ጀምሮ በመዳፉ ቀስ ብሎ ይግፋ። ከውጭ ያለው ሰው ይቀበል።

ዝገቱን ሳያዩ አይለፉ

ጎማው ከተነሣ በኋላ ላሜራውን እዩ። ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ በሁለቱ ጥግ ዝገት ይገኛል። ውሃ ለዓመታት ተጠራቅሞበታል። ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፋቁ። ብረቱ ተበልቶ ከሆነ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። በስቱኮ ብቻ መድፈን ማታለል ነው። ስቱኮ ብረትን አይተካም፤ ከሥሩ ዝገቱ ይቀጥላል።

ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ። ዋናውን ቀለም ቀቡ። በደንብ ይድረቅ። መኪናው ሙሉ በሙሉ የሚቀባ ከሆነ፣ መስተዋቱ መግባት ያለበት ከቀለሙ በኋላ ነው። መስተዋት ካለበት ቀለሙ ከጎማው ሥር አይደርስም። ዝገት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

አዲሱን ማስገባት

መስተዋቱን ያለ ጎማ በክፈፉ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ። በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። ላሜራው የተጣመመ ከሆነ አሁን አስተካክሉ። በኋላ በግድ የገባ መስተዋት፣ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ይሰነጠቃል። ጎማውም አዲስ ይሁን። የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ውሃ አይከለክልም።

1. ጎማውን በመስተዋቱ ዙሪያ አልብሱ። ጥጎቹ በደንብ ይቀመጡ።

2. ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የናይለን ገመድ ፈልጉ። ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ዙሪያውን አስገቡት። ሁለቱ ጫፎች ከታች መሐል ላይ ተደራርበው በውስጥ በኩል ይንጠልጠሉ።

3. ጎማውንና ላሜራውን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ዘይት፣ ግራሶ ወይም ቤንዚን አትቀቡ፤ ጎማውን ያበላሹታል።

4. መስተዋቱን ከውጭ አንሥታችሁ በክፈፉ ላይ አስቀምጡ። የገመዱ ጫፎች ወደ ካቢናው ይግቡ።

5. ከውስጥ ያለው ሰው ገመዱን ከታች መሐል ጀምሮ ወደ ራሱ ይሳብ። ገመዱ ሲወጣ የጎማውን ከንፈር አንሥቶ ከላሜራው በላይ ያሳልፈዋል። ከውጭ ያለው ሰው ገመዱ በደረሰበት ቦታ ሁሉ በመዳፉ ይጫን። መጀመሪያ ታችኛው፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች፣ በመጨረሻ ላይኛው።

ገመዱ እምቢ ካለ አቁሙ። ሳሙና ጨምሩ። በመዶሻ አትምቱ፤ በቡጢም አትደብድቡ። ችኮላ እዚህ ላይ የአንድ መስተዋት ዋጋ ያስከፍላል።

በጎማውና በመስተዋቱ መሐል፣ በጎማውና በላሜራው መሐል ማሸጊያ ይደረጋል። ለመኪና የተሠራውን ግዙ። አንዳንዱ ሲሊኮን ሲከፈት እንደ አቼቶ ይሸታል። ያ ሽታ አሲድ ነው። ብረትን ያዝጋል። እሱን ተዉት።

የአዳዲስ መኪኖች ፓራብሬዛ ግን በጎማ አይያዝም፤ በኃይለኛ ማጣበቂያ ነው የሚጣበቀው። አሠራሩ ሌላ ስለሆነ፣ ለባለሙያ ይተው።

የበር መስተዋት

የበር መስተዋት ሥራ ከውስጥ ነው። መስተዋት ማንሻውን እጀታና የበሩን ውስጣዊ ሽፋን ፍቱ። ከሽፋኑ ሥር ፕላስቲክ ይገኛል። ሳትቀዱ አንሡት። የረገፈውን ስባሪ ከበሩ ሆድ ሙሉ በሙሉ ልቀሙ። አንዲት ፍሬ ብትቀር ስትንቀጫቀጭ ትኖራለች፤ አዲሱንም መስተዋት ትፍቃለች።

ከበሩ ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸው። በጭቃ ከተደፈኑ በሽቦ ክፈቱ። ካልተከፈቱ ውሃው በበሩ ሆድ ይጠራቀምና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል።

አዲሱን መስተዋት አዘንብላችሁ ከላይ አስገቡ። በሁለቱ ጎን ባሉት ከፈፍ በለበሱ ቦዮች መሐል ይቀመጥ። ከፈፉ ያለቀ ከሆነ ይለወጥ። ከማንሻው ጋር በቡሎን አያይዙ። ቡሎኑን አጥብቃችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት መስተዋቱን ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ። በቀላሉ ከሄደ አጥብቁ። በመጨረሻም ፕላስቲኩን መልሱ። ብዙ ሰው እሱን ይጥለዋል። ውሃ ወደ ካቢናው እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

ሙከራ

ሥራው ሲያልቅ አንዱ ሰው ካቢና ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው ከላይ ውሃ ያፍስ። ውሃው በኃይል ሳይሆን እንደ ዝናብ ይውረድ። ውስጥ ያለው ሰው ጥጎቹን በእጁ ይዳስስ። እርጥበት ካገኘ ቦታውን ምልክት ያድርግ። ሲደርቅ ማሸጊያ ይጨመር። ይህን ሁሉ ከሰኔ በፊት ጨርሱ። የአስኮ ክረምት የተረሳውን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል።

ስባሪውን በጆንያ ቋጥራችሁ፣ ሰው በማይረግጠው ቦታ አስቀምጡ። በመንገድ ዳር የተጣለ መስተዋት የሚያገኘው የሰፈር ልጅ እግር ነው።

ውድ አድማጮች፣ እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ እንያዘው። ለፊት ድርብ፣ ለበር የጠነከረ፣ ተራ ግን ለቤት መስኮት። ከመግዛት በፊት ጥጉን ማንበብ፤ ከማስገባት በፊት ዝገቱን መፋቅ። መኪና ቢያረጅም በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ሕይወት አያረጅም። ደህና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጠነከረ መስተዋትና ድርብ መስተዋት ሲሰበሩ በምን ይለያያሉ?
2. የጠነከረ መስተዋት ለምን አይቆረጥም?
3. ጎባጣና ዝርግ መስተዋት እንዴት ይለያሉ?
4. ገመዱ በየትኛው ቦይ ይገባል? ከየትስ ይጀመራል?
5. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ መኪና የመስተዋቱን ጥግ ተመልከቱ። ምን ተጽፎበታል?